ያልታሰበ ደጅ፦ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የወይዘሮ ወርቂት ውለታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ጾመ ሐዋርያትን ብዙዎቻችን የሰኔ ጾም እንለዋለን። የቄሶች ጾም ነው እያለ የሚተወውም አይጠፋም። ነገር ግን ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ቅዱሳን ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ዓለም ለስብከት ከመውጣታቸው በፊት የጾሙት ጾም ነው።

ጌታችን ሐዋርያቱን ሲልካቸው ከረጢትና ስንቅ እንዳይዙ እንዳዘዛቸው በወንጌል እንሰማለን። እስኪ እናስተውል፤ ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ የሚያድረው በማን ቤት ነው? በማያውቀው ሰው ቤት ነው። የሚበላው የማንን እንጀራ ነው? ያልለፋበትን፣ ያልዘራውን፣ ያላጨደውን ነው። እንግዲህ ወንጌል ወደ ዓለም የወጣው እንግዳ በተቀበሉ ሰዎች ደጅ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጾም የምናስታውሰው ስብከቱን ብቻ ሳይሆን ደጃቸውን የከፈቱትንም ነው።

ዛሬ ስለዚህ ነገር ስናወራ የሩቅ አገር ታሪክ አንፈልግም። ለኛ ለይፋትና ለሸዋ ሰዎች ቅርብ የሆነ፣ ስሙን ሁሉ የሚያውቀው፣ ሕይወቱ ግን ባልታሰበ ደጅ ላይ የቆመ አንድ ሰው አለን። እርሳቸውም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

የልጅነታቸው ዘመን

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባላል። አባታቸው ኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች አንዷ እንደነበሩ ይተረካል። እግዚአብሔር ሰውን ሲያነሣ ከየት እንደሚያነሣ ማን ያውቃል?

የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ከነበሩት አንዱ አንኮበር ነው። ከአንኮበር ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው ቆላው ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ይታያል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋትን ቆላና የንግዱን በር በንጉሡ ስም ይጠብቁ የነበሩት ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ጨው ይወርድ ነበር። ያንን ጨው በግመል አስጭነው በረሃውን የሚያቋርጡት ነጋዴዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ደገኛው ክርስቲያን በጾም ቀን ወጡ ላይ የሚነሰንሰው ጨው በማን እጅ እንደመጣ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይኼ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ያለ ቆላው ሰው አይኖርም ነበር።

ምኒልክ ገና አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ ዘመቱ። ንጉሥ ኃይለ መለኮትም በዚያው ሰሞን ታመው ዐረፉ። የሸዋ መኳንንት ሕፃኑን ይዘው ለመዋጋት ቢሞክሩም ድል ሆኑ፤ ሕፃኑም በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገባ። ያ የተሸነፉበት ቦታ ስሙ በረከት ነው። አባቱ የሞተበት፣ ዙፋኑ የተወሰደበት፣ ከአገሩ የሚወጣ አንድ ልጅ በረከት በተባለ ቦታ ላይ ምን በረከት ያያል? ሰው በዚያ ቀን ቢጠየቅ ምንም አያይም ነበር።

በመቅደላ አምባ

ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ለሚጠጉ ዓመታት ምኒልክ የዐፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛ ሆነው ኖሩ፤ አብዛኛውንም ጊዜ ያሳለፉት በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ምርኮኛ ይባሉ እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው። አስተማሯቸው፣ ከመሳፍንት ልጆች ጋር አኖሯቸው፣ ማዕርግ ሰጧቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። አገርን አንድ የማድረግን ሐሳብ በቅርብ ያዩት፣ የአስተዳደሩንም ጥፋት የታዘቡት እዚያው ነው። የጠላት ቤት ትምህርት ቤት ሆናቸው ማለት ነው።

ልብ እንበል፤ ያ በረከት ላይ የጠፋው ነገር ሁሉ ባይጠፋ ኖሮ ምኒልክ ምናልባት የአንድ አውራጃ ንጉሥ ሆነው ይቀሩ ነበር። እግዚአብሔር ክፉውን ነገር ክፉ አይደለም አይለንም፤ ግን ክፉውን ለበጎ መለወጥ ይችላል። የዮሴፍን ታሪክ የምናነብ ሁሉ ይህን እናውቃለን።

የሰኔ 24 ሌሊት

በ1857 ዓ.ም. ሸዋን እንዲያስተዳድር በቴዎድሮስ የተሾመው አቶ በዛብህ ሸፍቶ ራሱን ንጉሥ ማለቱ ተሰማ። ምኒልክም ሃያ አንደኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። እነ ገርማሜና ሌሎች ታማኝ ሸዌዎች አብረዋቸው ስለነበሩ ነገሩን በምስጢር አዘጋጁ። ሰኔ 24 ቀን ሌሊት ከመቅደላ አምባ ወርደው አመለጡ። ጾመ ሐዋርያት ገና አልተፈታም ነበር።

አሁን ወዴት ይሂዱ? ሸዋ ሩቅ ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙ ይሞላል። ከኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረሰኛ አለ። ከፊት ያለው የወሎ አገር ነው። በዚያ የምትገዛው የወረ ሂመኖዋ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የከረረ ጠብ አላቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጃቸው በዚያው በመቅደላ አምባ ላይ ታስሮ መኖሩ ነው።

እንግዲህ እናት የሆናችሁ ሁሉ ይህን በልባችሁ መዝኑት። የንጉሡ እስረኛ ከደጃችሁ መጣ። ልጃችሁ ደግሞ በንጉሡ እጅ ነው። ይህን ወጣት አስራችሁ ብትመልሱ ልጃችሁ ይፈታ ይሆናል። ብትደብቁት ደግሞ ልጃችሁ ይሞት ይሆናል። ወይዘሮ ወርቂት ምኒልክን በልጃቸው ለመለወጥ አስበው እንደነበር የሚተርኩ አሉ። ቢያስቡስ ማን ይፈርድባቸዋል? የእናት አንጀት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አልጠበቁም። ምኒልክ ወደ ወርቂት ሰፈር መግባታቸውን ባወቁ ጊዜ ቁጣቸው ነደደ። የወይዘሮ ወርቂትን ልጅና አብረውት የታሰሩትን የወሎ ሰዎች አስገደሏቸው።

የልጃቸው መርዶ ሲደርስ ምኒልክ ገና በወርቂት እጅ ነበሩ። በዚያች ሰዓት ሐዘንተኛዋ እናት ይህ ልጅ ባይመጣ ኖሮ ልጄ አይሞትም ነበር ብለው ቢነሡ ማን ይከለክላቸው ነበር? እርሳቸው ግን እንግዳውን አልነኩትም። አጃቢ ሰጥተው ወደ አገሩ በሰላም ሸኙት እንጂ። ክረምቱ ሳይወጣም ምኒልክ ሸዋ ገቡ። የሸዋ ሰው የንጉሡ ልጅ መጣ ብሎ በዛብህን እየተወ ወደ እርሳቸው ጎረፈ። በዛብህ ተሸነፈ፤ ምኒልክም በአባታቸው ዙፋን ተቀመጡ።

መጽሐፍ ቅዱስ የምናውቅ ሁላችን የሰራፕታዋን መበለት እናስታውሳለን። ነቢዩ ኤልያስ በረሀብ ዘመን የተላከው ከእስራኤል ወገን ወዳልሆነች ሴት ነው። የመጨረሻዋን ዱቄት ጋግራ አበላችው። በኋላ ልጇ ሲሞትባት በነቢዩ ጸሎት ተነሣላት። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ግን አልተነሣም። ውለታው የተፈጸመው ዋጋው እንደማይመለስ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ውለታ ይከብዳል።

ውለታ እንዴት ይከፈላል?

ታዲያ ምኒልክ ይህን ውለታ ከፈሉት ወይ? እውነቱን እንነጋገር።

በመጀመሪያ ለአሳዳጊያቸው ለዐፄ ቴዎድሮስ የነበራቸውን ልብ እንይ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ምኒልክ ብዙ ሠራዊት ይዘው እስከ መቅደላ አካባቢ መጥተው ነበር። ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ደክመዋል፤ እንግሊዞችም እየመጡ ነው። ምኒልክ ግን ሳይዋጉ ተመለሱ። የስንቅ ማለቅ ምክንያት እንደነበር ይነገራል፤ ያሳደጋቸውን ሰው መውጋት አልሆነላቸውም የሚሉም አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ሳለ ምኒልክ በልባቸው ማዘናቸው ተጽፏል። አባታቸውን ያጠቃውንም ያሳደጋቸውንም ያንኑ ሰው ማዘን ቀላል አይደለም። ሰው የበደለንን በደል ብቻ ቆጥሮ፣ የዋለልንን ግን ረስቶ እንዳይቀር ይህ ያስተምረናል።

ከወሎ ጋር ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። ምኒልክ በኋላ ወሎን በጦር ገብተውበታል፤ ወረኢሉንም የጦር ሰፈራቸው አድርገዋል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ግዳጅ ሲወርድ ንጉሥ ምኒልክም ከዚያ ሥራ ውጭ አልነበሩም። የአንድ ሙስሊም እናት ደጅ ያዳነው ሰው ለሙስሊሞች ደጅ ሳይከፍት የቀረበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ትልልቆቹም ውለታ ይረሳሉ፤ ታዲያ እኛማ ምንኛ እንረሳለን!

ሆኖም እግዚአብሔር ያንን የሰኔ ሌሊት ክር አልበጠሰውም። በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። በእርሳቸው ዘመን የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እስልምናቸውን እንደያዙ በዙፋናቸው ኖረዋል። የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ደግሞ ከወረ ሂመኖ ቤት የተወለዱትን ራስ ሚካኤልን አገቡ። ጣልያን አገራችንን ሊወርር በተነሣ ጊዜ፣ በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ የክተት ሠራዊታቸውን በአንድ ቦታ እንዲገናኝ ያዘዙት የት ነው? ወረኢሉ ላይ፣ በዚያው በወሎ ምድር። የወሎ ፈረሰኛም በራስ ሚካኤል እየተመራ ዐድዋ ዘመተ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ስደተኛ ልጅ ተደብቆ ያለፈበት አገር፣ ኢትዮጵያን ሊያድን የሚሄደው ጦር የሚሰበሰብበት አገር ሆነ።

ዐድዋ የካቲት 23 ቀን እሑድ ነበር። ያ ዕለት በዐቢይ ጾም አቈጣጠር መጻጉዕ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው በሽተኛ የሚታሰብበት ሰንበት ማለት ነው። ምኒልክም በ1857 ሰው የሌላቸው ነበሩ። ሰው ሆነው የተገኙላቸው ግን ማንም ያላሰባቸው ሴት ናቸው።

የዕለት እንጀራ

ንጉሡ ስለ ዕለት እንጀራ የተማሩበት ሌላ ዘመንም አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የሆነውን አባቶቻችን ክፉ ቀን ይሉታል። የከብት በሽታ ገብቶ በሬው ሁሉ አለቀ። ማረሻ የሚጎትት ጠፋ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ እንዳደረጉ ይተረካል። ሕዝባቸው ያላገኘውን የበሬ ሥጋ አልበላም ብለው እንደነበርም ይነገራል። በቁሙ ጾም ማለት ይኼ አይደለምን? ሌላው ያጣውን እያሰቡ መተው። በሬ በደህና ጊዜ ማንም አያመሰግንለትም፤ ሲያልቅ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

እኛም እንዲሁ ነን። ሸዋ ሮቢት ገበያ ቆመን እናስብ። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ጭኖ ከጣርማ በር ይወርዳል። አፋሩ ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ከበረሃ ይወጣል። አርጎባው የሸመነውን ያመጣል። የቆላው ገበሬ በሮቢ ወንዝ ያጠጣውን ሽንኩርት፣ ማሾውንና ማሽላውን ያወርዳል። በጾም ቀን የምንበላው ሽሮ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ሙስሊሙ ያጠጣው ሊሆን ይችላል። ሙስሊሙ የሚበላው ባቄላ ደግሞ ክርስቲያኑ ያረመው ሊሆን ይችላል። አንድ ቀንም ብናቆም ሁለታችንም ባዶ ሞሰብ እንይዛለን። ይህን በየቀኑ እያገኘነው ስለኖርን በረከት መሆኑ ጠፍቶናል።

ይህ አገር በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰውን ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መምጣቱን የማያስታውስ የለም። ቤት ተቃጥሏል፤ ሰው ሞቷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈራርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የበደለውን ለመቁጠር ይፈጥናል። ሰይጣንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እስኪ በእውነት እንጠያየቅ፤ በክፉ ቀን ለሰው ደጁን የከፈተ፣ ውኃ ያቀበለ፣ የሌላውን ልጅ ከልጁ ጋር ያሳደረ ሰው አናውቅምን? ስሙን የምናውቅለትን ያህል ሰው አመሰገንነው? ወይስ የበደለን ብቻ ነው በአፋችን የሚነሣው?

ዐሥሩ ለምጻሞች ሲነጹ ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ጌታ ዘጠኙ ወዴት እንደ ቀሩ ጠይቋል። ዛሬም ይጠይቃል።

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማዕድ ፊት ስንቀመጥ ከጸሎቱ ቀጥሎ የምንበላው በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ለልጆቻችን እንንገራቸው። ጨው ያመጣውን፣ ያጠጣውን፣ የፈጨውን እናስብላቸው።

ሁለተኛ፣ በሕይወታችን ባልታሰበ ሰዓት ደጁን የከፈተልንን አንድ ሰው እናስታውስ። ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ በሕይወት ካለ በዚህ ሰሞን ሄደን እንየው፤ ባንችል እንደውልለት። ካረፈ ደግሞ ልጆቹን እንጠይቃቸው።

ሦስተኛ፣ ውለታውን ለዋለልን ሰው መመለስ ካልቻልን ቀጥሎ ለሚመጣው እንግዳ እንመልሰው። ከደጃችን የቆመውን ሰው ከየት መጣህ ከማለታችን በፊት ውኃ እናቅርብለት።

አራተኛ፣ የበደለን ሰው ካለ ያደረገልንን አንድ መልካም ነገር ፈልገን እናግኝ። ምኒልክ ባሳደጋቸው ሰው ሞት እንዳዘኑ እኛም ከቂም የሚያወጣን አንድ ክር ይገኛል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ይገኛል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የዐድዋን ድል፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ የስልኩን ገመድ ያስታውሳል፤ ደግ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንዲት እናት የልጇን መርዶ ሰምታ የሰው ልጅ ያሻገረችበት የሰኔ ሰሞን ነበረ። ያ ሰሞን ባይኖር ሌላው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ስለ ንጉሡ ስንጸልይ ስለ እርሳቸውም እግዚአብሔርን እናመስግን።

እግዚአብሔር አምላክ ያላሰብነውን ደጅ የሚከፍትልን፣ እኛንም ለሌላው ያልታሰበ ደጅ የሚያደርገን ይሁን። የሐዋርያት በረከት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። ጾሙን ጾመን ለፍጻሜው ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።